ለጆሮዬ የጣመኝ ድምፅ

ድሬ ዳዋ ውስጥ የችሎት አስተርጓሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዳኛና በባለጉዳይ መካከል ቆሜ ሶማሊኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ፣ እናቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ሻጭ ነበሩ፤ ቋንቋዎቹን ማንም አላስተማረኝም፣ ከሰፈርና ከገበያ ለቀምኳቸው። በሥራዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። አንድ ሰው አፉን ገና ሲከፍት ንግግሩ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ እል ነበር። ጣጣዬም የመጣው ከዚሁ እውቀቴ ነው።

ጆሮዬ የደከመው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ ሰዉ ሁሉ ማጉረምረም የጀመረ መሰለኝና ተናደድኩበት። ቤት ውስጥ እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስጨምር ባለቤቴ ስትቀንስ ከረምን። በኋላ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ቢሮው ጠርቶኝ በዘዴ፣ "የጽሑፍ ትርጉም ክፍል አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ እዚያ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል" አለኝ። ከችሎት ሊያወጡኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወረቀት መተርጎም ነውር የለውም፤ እኔ ግን የምወደው ቃሉን ከሰውየው አፍ መቀበል ነው። "ሁለት ወር ስጠኝ፣ ጆሮዬን ታክሜ እመለሳለሁ" አልኩት።

የመስማት ባለሙያዋ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ የምትመጣ ወጣት ናት። እኛ ድሬዎች አንቱታ አናበዛም፤ እሷ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምራ እርስዎ፣ እርስዎ እያለች አስረጀችኝ። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ስትመረምረኝ ወፍራሙን ድምፅ ደህና እንደምሰማ፣ የጠፋብኝ ቀጭኑ እንደሆነ ታወቀ። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የሚባሉት ሁሉ ጥለውኝ ሄደዋል። "ድምፁ ይደርስዎታል፤ የሚያመልጥዎት ቃሉ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች ከጆሮዬ ጀርባ አንጠልጥላ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘቻቸው። ስትከፍታቸው ዓለም ቆርቆሮ ሆነብኝ። ወረቀት ስትገልጥ ጆሮዬን ቧጠጠኝ፤ የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ይሄ ምላጭ ነው" አልኳት። አንጎሌ ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት እንደሚፈጅ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ ግን ቀፊራ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የተጠራልኝን ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። "ቀጭኑን ቀንሺ፣ ወፍራሙን ጨምሪ፣ ትንሽ ደግሞ ቀንሺ" እያልኩ ተከራከርኳት። በወጣትነቴ ቴፕ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ቤዙን እስከ ጥግ ማዞር ነበር፤ ጥሩ ድምፅ ማለት ለእኔ ያ ነው። በመጨረሻ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ጆሮ የማይጎረብጥ ድምፅ ወጣ። "ይሄ ነው የእኔ" አልኳት።

"እሺ፣ ሁለቱንም እጭንልዎታለሁ" አለችኝ። "አንደኛው እኔ የመረጥኩት ነው፤ ሁለተኛው እርስዎ የመረጡት። ይቺን ቁልፍ ሲጫኗት ይለዋወጣሉ። ግን የሚወዱት ድምፅና ንግግር የሚያስረዳዎት ድምፅ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በተለይ ጫጫታ ያለበት ቦታ።" ሳቅኩባት። በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው የሚበጀውን ድምፅ ከኮምፒውተር ሊማር ነው? ሁለተኛው ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የባለቤቴ ድምፅ ወደ ድሮው ወዙ ተመለሰልኝ፤ ሬዲዮ ማዳመጥ እንደገና ጀመርኩ። ሬጅስትራሩን ኮሪደር ላይ ሳገኘው "ወንበርህን ለሌላ ስጠው" ብዬው አለፍኩ።

ችሎታችን ግን እንደ ቤቴ ሳሎን ጸጥ ያለ አይደለም። ጣሪያው ላይ ሁለት ቬንትሌተሮች ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ፤ በድሬ ሙቀት እነሱን አጥፍቶ የሚያስችል ዳኛ አልተፈጠረም። መስኮቱም ክፍት ነው፤ ከታች ባጃጁ ይንጫጫል። በዚያ ሁሉ መሀል የእኔ ለስላሳ ድምፅ ምቹ ነበረች። የተናጋሪውን መጀመሪያና መጨረሻ እይዛለሁ፤ መሀሉን ደግሞ አውቀዋለሁ። እሰማዋለሁ እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ የሚለው ነገር ያው ስለሆነ ክፍተቱን ከልምዴ እሞላው ነበር፤ እየሞላሁ መሆኔንም አላውቅም። ድገሚልኝ፣ ድገምልኝ ማለት ደግሞ ሞቴ ነው። ድሬ ላይ ሰውን "ምን አልክ?" ካልከው ቋንቋውን አልቻለም ብሎ ያዝንልህና ወዲያው ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞርልሃል። ለተራ ሰው ደግነት ነው፤ ለአስተርጓሚ ግን ውርደት።

በዚያ ሰሞን አንዲት ሶማሊኛ ተናጋሪ ባሏ የሞተባት ሴት ተከሳ ቀረበች። ከሳሹ የባሏ ወንድም ነው፤ የምትኖርበት ግቢ በሽማግሌዎች ፊት በስምምነት ተከፍሏል፣ ድርሻዬን ትልቀቅልኝ ይላል። ዳኛዋ "ሽማግሌዎቹ ሲወስኑ ነበርሽ? ተስማምተሻል?" ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈን አድርጋ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ረዘም አድርጋ መለሰች። እኔም ሳላመነታ "ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ ተስማምቻለሁ" ብዬ ተረጎምኩ። መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

የነቃችብኝ ባለቤቴ ናት። ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለሆነች ተማሪ ሲያስመስል ከሩቅ ታውቃለች። አንድ ከሰዓት ቬንትሌተሩ በርቶ ስናወራ፣ "አቦ አንተ ሰውዬ፣ ያልጠየቅኩህን ነው የምትመልስልኝ" አለችኝ። ተቆጣሁ። እሷ ግን ደብተርና እስክሪብቶ አምጥታ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችና ከጀርባዬ ቁጭ አለች። "የቃል ጽሕፈት ነው። የምልህን ጻፍ" አለች። አሥር ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ፤ ሳልደናገር አሥሩንም ጽፌ ሰጠኋት።

በቀይ እስክሪብቶ አርማ ስትመልስልኝ ደብተሩ ደም መስሏል። እሷ "ላሟ ጋዜጣ አነበበች" ብላ ነበር፤ እኔ "ልጅቷ ጋዜጣ አነበበች" ብዬ ጽፌያለሁ። "ሐኪሙ ጫማውን ቀቀለ" ያለችውን "ሐኪሙ ጫማውን አወለቀ" አድርጌዋለሁ። ሆን ብላ በግምት የማይደረስበት ነገር ነበር የፈጠረችው። "እኔን አልሰማኸኝም፤ አስተካክለኸኛል" አለችኝ። ከዚያ ባለሙያዋ የመረጠችውን አንደኛውን ፕሮግራም እንድከፍት አዘዘችኝና ሌላ አሥር አነበበች። ያ ምላጭ ድምፅ ተመለሰ፤ ቬንትሌተሩ ጭምር ፉጨት አወጣ፤ ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ። ከአሥሩ የሳትኩት አንድ ብቻ ነበር። ፍየሏ መነጽር ስትጠግን፣ ዝናቡ ሽንኩርት ሲገዛ አንድ በአንድ ሰምቻለሁ።

አፈርኩ። ባለሙያዋ የጠየቀችኝ ምን እንደምረዳ ነበር፤ እኔ የመለስኩላት ምን እንደሚጥመኝ ነው። ወዲያው ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ከመልሷ ስንቱን ሰምቼ ስንቱን እንደሞላሁ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ለማንም ሳልናገር ቀጠሮዋን ጠበቅኩ፤ ይህም ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

አንደኛውን ፕሮግራም ከጆሮዬ አላወረድኩትም። መጀመሪያ ሳምንት ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ዘልዬ እነሣ ነበር፤ የራሴ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ሌላ ሰው የተከተለኝ እየመሰለኝ ዞሬ አያለሁ። ባለሙያዋ በወሩ ስትመጣ ሄድኩላት፤ በጣም የሚሾለውን ጫፍ በትንሹ ብቻ አለሰለሰችልኝ። ከዚያ ለመድኩት። ጣፋጭ አልሆነልኝም፤ ግን ሰው ሲናገር ቃሉ ተለይቶ ይመጣል።

የሴትዮዋ ቀጠሮ ደረሰ። ዳኛዋ ነገሩን ለማጥራት ያንኑ ጥያቄ ደገሙላት። ሴትዮዋም በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ፣ በዚያው ርዝመት መለሰች። አሁን እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። ከዚያ እንዳለችው ተረጎምኩ። "ነበርኩ። ሻይ አቅርቤላቸዋለሁ። ሲያወሩ ከበሩ ጀርባ ሰምቻለሁ። ተስማማሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።"

የከሳሹ ጠበቃ ከተቀመጠበት ተነሣ። "የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ ባለፈው ቀጠሮ ተስማምቻለሁ ብላለች፤ በመዝገቡ ሰፍሯል። ዛሬ ቃሏን ለውጣለች። እምነት ሊጣልባት አይገባም።" ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ አማርኛ አትሰማም፤ ምን እንደተባለባት እንድነግራት እኔን አየችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። የችሎት ሥራዬም ይተርፋል፤ የእሷ ግቢ ግን ይሄዳል።

እጄን አነሣሁ። "የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ ቃሏን አልለወጠችም። ባለፈው ቀጠሮ መልሷን በሙሉ አልሰማሁትም። ተስማምቻለሁ የሚለውን ከራሴ የጨመርኩት እኔ ነኝ።" ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ይህ በሥራዎ ላይ የሚያመጣውን ያውቁታል?" አሉኝ። "አውቀዋለሁ" አልኩ።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ ጠበቃው ያለውን፣ እኔም ያልኩትን በሶማሊኛ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና በእርጋታ መለሰችልኝ። ዳኛዋ "ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ።

"'ያን ቀን ካልሰማህ ለምን አልጠየቅከኝም? እደግምልህ ነበር' ትላለች" ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።