የበገናው ክር እስኪረጋ

አጎቴ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላሊበላ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። በማግስቱ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

የአካባቢያችን ሬዲዮ ጣቢያ ከተከፈተ ጀምሮ የእሑድ ጠዋቱን የጥንታዊ ዜማ ፕሮግራም የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ፤ በጾም በገና፣ በፍስክ ማሲንቆና ክራር። አንዱ ዜማ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ዝም ይሉ ነበር። ዝምታው ስለሚረዝም አድማጭ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ከብልባላ አንድ ገበሬ ደወሉ።

«አባባ፣ ሬዲዮኔ ሞተ ብዬ በጥፊ አጮልኩት እኮ!»

«ይቅርታ ይጠይቁት» አሉ አጎቴ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። የበገናው ክር ገና አልረጋም።»

ሥራ አስኪያጁ በዝምታው መሀል ማስታወቂያ እንዲገባ በጠየቃቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ቃሉን ከአፉ ትነጥቀዋለህ?»

እኔ እዚያው ጣቢያ ዜና አነባለሁ። ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

«ነፍሳቸውን ይማር። ሳይተላለፍ የቀረውን የመጨረሻ ቅጂያቸውን ነገ እናስተላልፋለን። ዝምታውን ግን ቁረጪና ማስታወቂያ አስገቢበት። እሳቸውን አክብረን ነው እንጂ ባዶ አየር ድሮም አይፈቀድም» አለኝ።

«ባዶ አይደለም» አልኩት።

«ይሄ ትእዛዝ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

አጎቴ ከዚያ ስቱዲዮ ወጥተዋል፤ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው ገና አልተገኘም። የተዉልን ያ ዝምታ ነው። እሱን ለሳሙና ማስታወቂያ አልሰጥም።

እሑድ ጠዋት ቅጂውን ራሴ አስተላለፍኩት፤ ምንም አልቆረጥኩም። ከሰኞ ጀምሮ ዜናውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።