በቀትር የመጣ መርዶ

ያስገቡኝ አንደኛ ክፍል ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም፤ እኛን እስረኞችን ሞሉበት። ዴስኮቹ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈው ፊደል በዝናብ ፍሳሽ ተልጦ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ጠፍተዋል። ክፍሉ ሽንት፣ እርጥብ ጋቢና ጠመኔ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጦም መሰማማት አይቻልም።

የተያዝኩት «ቤትሽ ሰው አሳድረሻል» ተብዬ ነው። ያደረው የእህቴ ልጅ ነው፤ ሲያስል ነው ያነጋው። ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁ። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ለመያዝ መሣሪያ ወድረው በመኪና ነው የመጡት። አንደኛው በአጥሬ ዘሎ ሲገባ ሱሪው በሽቦው ተተረተረ። የግቢዬ በር ክፍት ነበር፤ ገፋ ቢያደርገው ይበቃው ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የምቀመጥበት ሳጣ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሴት በእጃቸው ጠሩኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ነጠላቸው ቆሽሿል፤ አለባበሳቸው ግን ለቅዳሴ የተነሣ ሰው አለባበስ ነው።

«ወዲህ ነይ እታለም፤ እዚህ አይፈስም» አሉኝ። አጠገባቸው ያሉትን ወጣቶች ደግሞ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እያያችሁ!» አሏቸው። ልጆቹ ተጠጋጉ።

የቡሬ ሰው ናቸው፤ መምህርት። ሲጀምሩ ፈረስ ቤት ከተማ ተመድበው ነበር፤ ከዚያ ቡሬ ተዛውረው እዚያው ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያስተማሩት አንደኛ ክፍል ብቻ ነው። ባላቸው በጊዜ ስለሞቱባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው እሳቸው ዘንድ ናቸው። ለምን ወደ ላይኛው ክፍል እንዳልተዛወሩ ስጠይቃቸው በአገጫቸው ከበሩ ውጭ ወዳሉት አሳሪዎቻችን አመለከቱኝ።

«አንደኛ ክፍል ላይ ያልተገራ ኋላ እንዲህ ሆኖ ይመጣል» አሉ።

ያሰሯቸው በመጨረሻ ልጃቸው ምክንያት ነው። «ጫካ ገብቷል» ይሏቸዋል፤ እሳቸው «ለሥራ ነው የወጣው» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ልጁ ሲወጣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን ወልዳለች፤ ሕፃኑ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ደርሷል። መምህርት ከነጠላቸው ዘርፍ ክር እየመዘዙ ማተብ ይገምዱለት ነበር። ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ሲደግሙ ከንፈራቸውና ጣታቸው አብረው ይሄዳሉ።

ከኛ ጋር አንዲት ሴት ነበረች። «ከታሰርኩ ሰነበትኩ» ትላለች፤ ፀጉሯ ግን በአዲስ ቅቤ ያብረቀርቃል። እኛ ስንከረፋ እሷ ሳሙና ትሸታለች። የመምህርትን ልጅ ነገር እያነሣች ትጠይቃለች፤ መምህርትም «ደኅና ነው፣ እግዜር ይመስገን» ይሏታል። ሁላችንም ማን እንደሆነች እናውቃለን። አላባረርናትም፤ ዝናብ ነው።

በገባሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው መጣ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ሲገባ ዴስኩ ጉልበቱን መታው፤ ዴስኩን ተቆጣ። ይብላኝ ለወለደችው።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አለ። «እኔ እኮ የርስዎ ተማሪ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። እንደ እናቴ ነው የማይዎት።»

መምህርት ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ያልጠበቅነው ድምፅ አወጡ።

«እጅ!»

«ምን አሉኝ?» አለ መርማሪው።

በር ላይ የቆመው ጢሙ የሸበተ ሚሊሻ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፤ ጥፍሩን ወደ ላይ። ቀጥሎ ገልብጦ መዳፉን አሳየ። ያደረገው ሲገባው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቅን። መርማሪው ዞሮ ተመለከተ፤ ምን እንዳሳቀን አላወቀም።

«ያ ተማሪዬ ነው» አሉ መምህርት ሚሊሻውን እያዩ። «አንተን አላውቅህም።»

ሰውየው ተቆጥቶ ሲወጣ ነገሩን አስረዱን። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በር ላይ አሰልፈው «እጅ!» ይላሉ፤ ጥፍርና መዳፍ ሳያዩ አንድም ልጅ አያስገቡም። በሳቸው ክፍል ያለፈ ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ እጁን ሳይዘረጋ አይቀርም፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ገበያ መካከል ይሞክሩት ነበር።

«ገና ሲገባ በመጀመሪያ ቃሉ ዋሸ» አሉ። «እንግዲህ ቀሪውንም በዚያው ነው የምሰፍርለት።»

በማግስቱ ዓርብ በቀትር ተመልሶ መጣ። የፍልሰታ ጾም ነው፤ እኛ የሰጡንን ደረቅ ዳቦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀምጠነዋል። እሱ ስቴኪኒ በጥርሱ ነክሷል። ምን በልቶ እንደመጣ አፉ ይናገራል። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ወደ መምህርት ፊት አነሣው፤ ሊቀርጽ ነው።

«እማማ፣ ይጽናኑ» አለ። «ልጅዎ ሞቷል።»

ክር የሚገምዱት ጣቶች ቆሙ። ሌላ ነገር አላየሁም። ፊታቸው እንደነበረ ነው።

«ማልቀስ ይችላሉ» አለ። «ፈቅደናል።»

ያቺ ፀጉሯን የተቀባችው ሴት ወዲያው «ዋይ! ዋይ ልጄን!» ብላ ተነሣች። ደረቷን መታች። መጥታ የመምህርትን ነጠላ ያዘች፤ ልታዘቀዝቅላቸው ነው። በሀገራችን ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ያን ያየ ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል።

መምህርት እጇን መቷት። «እጅሽን ሰብስቢ!» አሏት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ።

«የት ተቀበረ?»

«ይህን በጸጥታ ምክንያት…»

«ማን ፈታው? ማን ገነዘው?»

«መረጃ አለን እማማ።»

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። «አሳዳጊ ያለው ሰው መርዶ እንዲህ አይናገርም። መርዶ ሳይነጋ ነው የሚመጣ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ንስሐ አባት ተጠርተው፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ነው። አንተ በቀትር መጣህ፤ ብቻህን፤ እንጨት በአፍህ ይዘህ። ሂድና የልጄን አባት ወገኖች ይዘህ ማልደህ ተመለስ። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣው። የሚጥልበት ቢያጣ ኪሱ ከተተው።

በዚያው ከሰዓት ፀጉሯን የተቀባችውን ሴት «ነፃ ነሽ» ብለው ለቀቋት። ስትወጣ ቡሬ የሚሄድ መኪና እንዳለ ሚሊሻውን ስትጠይቅ ሰማሁ። ዝናቡ ሲበረታ መምህርት ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ገባሽ ነገሩ?»

«አልገባኝም» አልኳቸው።

«ያችን የላኳት ቡሬ ላይ እንድታወራ ነው፤ የመምህርቷ ልጅ ሞተ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች ብላ። ወሬው እሱ ያለበት ይደርሳል። ያ ልጅ እሱ በሕይወት ሳለ ሐዘን መቀመጤን ከሰማ አያስችለውም። አለሁ ሊለኝ ይደውላል፤ ወይ ይመጣል። እነዚህ የሚጠብቁት ይህን ነው።»

መርማሪዎቹ ያንን ሁሉ ያሰቡት አንዲት እናት ልጇን እንደምትወድ፣ ልጅም እናቱን እንደሚወድ ስለሚያውቁ ነው። ይህን ማወቃቸው ገረመኝ። ከየት እንደተማሩት እንጃ።

«እውነት ቢሆንስ?» አልኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅኋቸው።

ክሩን አንሥተው እንደገና መግመድ ጀመሩ።

«እውነት ከሆነ ሐዘኑ የትም አይሄድብኝም» አሉ።

እሑድ ለእስረኛ ስንቅ የሚመጣበት ቀን ነው። ጠያቂ ከሽቦው ወዲያ ይቆማል፤ ምግቡ ተፈትሾ ይገባል፤ መተያየት ክልክል ነው፤ መስኮቶቹ ይዘጋሉ። በመስኮቱ ሳንቃ ስንጥቅ አሾልኬ አየሁ። የቡሬ ሴቶች በሚኒባስ ደርሰዋል። አንዳቸውም ስንቅ አልያዙም። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መርዶው ደርሶ፣ ሊያለቅሱ ነው የመጡት። መካከላቸው የመምህርት ትልቋ የልጅ ልጅ አለች፤ አንዲት ጎረቤት ደግፋታለች።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ከሚጠጣው ውኃ ትንሽ በመዳፋቸው አፍስሰው ፊታቸውን ታጠቡ። ፀጉራቸውን በጣታቸው አስተካከሉ። ነጠላቸውን አራግፈው በመስቀለኛ ለበሱት፤ ጥለቱ ወደ ታች፤ ለክብረ በዓል ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው። ወደ በሩ ዞረው ያን ሚሊሻ ጠሩት።

«ቲቸር፣ መስኮት እንዳይከፈት ታዟል» አለ ሳይጠይቁት።

«ማን ክፈት አለህ? ዞር በል ነው የምልህ።»

ከዚያ ዞሮ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

ሳንቃውን የገፋሁት እኔ ነኝ። መምህርት መስኮቱ ላይ ቆሙ። ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውንም አላነሡም። ከሽቦው ወዲያ ለቅሶ ሊጀምሩ የነበሩት ሴቶች የመምህርትን ጥለት አዩ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰችው። ቀጥላ ጎኗ ያለችው። ከዚያ ሌሎቹ። የልጅ ልጃቸው የመጨረሻዋ ነበረች፤ አልሆንላት ሲል ጎረቤቷ አስተካከለችላት። ሁሉም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወደ ሚኒባሱ ተመለሱ። እሑድ ሳይመሽ ይህ ወሬ ቡሬን አልፎ እንደሄደ አውቃለሁ።

ማተቡም ያለቀው የዚያን ዕለት ነው። ጫፉን ቋጥረው ሲያበቁ ክርስቶስ ሠምራን አንድ ጊዜ ጠሩ፤ ከዚያ ዳቧቸውን በሉ።

መርማሪው ማታ መጥቶ ጮኸ። የሚከሰንበት ነገር ግን አጣ። መስኮት ተከፈተ፤ ሰው ቆመ፤ ሰው ሄደ። ቃል የተናገረ የለም። ነጠላ ምን እንደሚል የሚያነብለት ሰው አልነበረውም፤ ሚሊሻው ያውቃል፤ ሚሊሻው ዝናብ ያያል።

እኔ ከሳቸው በፊት ተለቀቅሁ። ሲፈትሹኝ ጫማዬን አስወለቁኝ፤ ሶሉን በቢላ ቀደው አዩት። መምህርት አደራ ያሉኝን ማተብ አንገቴ ላይ ከራሴ ማተብ ጋር አስሬው ነበር። ቡሬ ወስጄ ሰጠሁ፤ ሕፃኑ በሱ ተጠመቀ። እሳቸው ግን ቤታቸው የገቡት ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሽማግሌና ካህናት ገብተው እየለመኑላቸው። ልጃቸው አልሞተም። የት እንዳለ አልጽፍም።

መምህርት ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ በሕመም አረፉ። ቡሬ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ ትጉህ እናት፣ ምስጉን መምህርት፣ መንፈሳዊት አያት ተባሉ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ፍኖተ ሰላሙ አንደኛ ክፍል ግን አንድ መስመር አልነበረበትም፤ ያነበበው ሰው ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም።

መርማሪው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነበር። ሹመት ጨምሯል። አበባ አስይዞ፣ ጠባቂ አስከትሎ መጣ፤ ከፊት አስቀመጡት። አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ፣ «እኔንም አስተምረውኛል፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» ሲል ሰማሁ። እንደ እናቱ ያያቸው እንደነበርም ጨመረ።

እኔ በሰው መካከል አልናገርም። ያን ቀን ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

«እጅ!» አልኩ።

የሳቸውን ድምፅ አልመሰለም፤ ግን በቃ። ልብስ ሰፊው ዘረጋ። ባጃጅ ነጂው ዘረጋ። ዲያቆኑ መቋሚያውን ብብቱ ሥር ይዞ ዘረጋ። ጀርባቸው የጎበጠ ገበሬዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ጥፍሩን ወደ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ገለበጠ። ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። በር ላይ ያ ጢሙ የሸበተ ሚሊሻም አለ፤ ጠመንጃ አልያዘም፤ እሱም ዘርግቷል።

መርማሪው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ስልኩን ይፈልግ ነበር። ሰዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ። አበባውን ትቶ ሄደ።

እኔም ያን ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር። መርዶው የደረሰኝ በደንቡ ነው፤ ሳይነጋ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ቆመው። በሩ ክፍት ነበር፤ አንኳኩተው ነው የገቡት።