ምራቄ ሳይደርቅ ተመለሽ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬን ከፍቼ ስወጣ ሠፈሩ ያለወትሮው ቀለም ቀለም ይሸት ነበር፤ ያ ገና ያልደረቀ፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ዓይነት ሽታ። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሦስት ወጣቶች ተንበርክከው ሲሚንቶው ላይ ቢጫ የልጅ እግር፣ ሰማያዊ ዓሣና አረንጓዴ እንቁራሪት ይሥላሉ። ቆም ብዬ ሳይ አንደኛዋ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረችው፣ ብድግ ብላ ታስረዳኝ ጀመር። ልጆች ከየቤታቸው እስከ መናፈሻው ብቻቸውን እየተጫወቱ፣ አደጋ ሳያገኛቸው እንዲሄዱ ነው፤ እንቁራሪቷ ጋ ሲደርሱ ይዘላሉ፣ ዓሣው ጋ ሲደርሱ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ልጅ ራሱን መቻል የሚጀምረው ከእግሩ ነው አለችኝ። ይሄን ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። «ልጅ አለሽ?» ስትለኝ «አንድ አለችኝ፤ አድጋለች» አልኳት። ናይስ፣ ናይስ ብዬ አመሰገንኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም። እኔም እኮ ይሄን ሥራ ሠርቼዋለሁ፤ ቀለም አልነበረኝም እንጂ። እኔ ስሠራው ግን የመጣው ፖሊስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ያደግሁት አሰላ ነው፤ እናቴ ስትልከኝ ሰዓት አታውቅም ነበር። ደጃፉ ላይ ቆም ትልና መሬቱ ላይ እንትፍ ብላ፣ «ይቺ ምራቄ ሳትደርቅ ተመለሽ፤ ከደረቀች ለጅብ ነው የምሰጥሽ!» ትለኛለች፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው፣ ሳንቲሙ መዳፌ ውስጥ እስኪግል ጨብጬ፣ ጋሪ ፈረሶቹ እርጥብ ሱፍ እየሸተቱ በጎኔ ሲያልፉ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው ሲስቁብኝ። አሰላ ብርዳማ ናት፤ በክረምት እንኳን ምራቅ የታጠበ ልብስም ሦስት ቀን አይደርቅ። ይሄን የደረስኩበት ቀን ዓለም የኔ ሆነች! እያዘገምኩ፣ የሰው አጥር እያጮለቅሁ፣ ጨው ልግዛ ተልኬ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ሸምቼ እመለስ ጀመር። መንገድ ላይ የሚያገኝሽ ትልቅ ሰው ሁሉ «ነይ እስኪ ልላክሽ» ይላል፤ ተልከሽ ስትመለሺ ደግሞ «እደጊ» ትባያለሽ። በቀን አምስት ስድስቴ እደጊ የተባለ ልጅ እንዴት ሳያድግ ይቀራል!

የኔ ልጅ ቤዛ ግን ሰባት ዓመት ሲሞላት ብቻዋን የምታውቀው መንገድ ከመኪና ወንበር እስከ በር ያለውን ነበር። ቸርች ውስጥ እንኳ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቃት ቦታ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ «እማ ነይ» ብላ ቀሚሴን ትጎትታለች። ያኔ እዚሁ ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ አንድ ሰፊ አፓርትመንት ግቢ ነው የምንኖረው፤ ባሌ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ እኔ ደግሞ የቀን ተረኛ ካልሆንኩ ከሷ ጋር ነኝ። ሶ፣ አንድ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይቺን ልጅ እኔ ራሴ እልካታለሁ ብዬ ወሰንኩ። የቸርች ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ በገዛ ክሬዮኗ የግቢውን ካርታ ሣልኩ። ከደረጃችን እስከ ሜልቦክሶቹ፣ ደብዳቤ እስከሚወሰድባቸው ሳጥኖች፣ ዘጠና ርምጃ ነው፤ እሱን ራሴ በልጅ ርምጃ እየሄድኩ ለካሁት፤ ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ እግዜር ይወቀው።

መንገዱን መንገድ ብቻ አላደረግሁትም። ፀሐዩ ወንዝ ነው፣ አዞ አለበት፤ የሚረገጠው ጥላ ብቻ ነው አልኳት። ሮዝ አበባ ከሚያረግፉት ዛፎች ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው መዝለል አለባት፤ አስፋልቱ ቀልጦ እንደ ሬንጅ እየሸተተ፣ ጅራተ ረጃጅሞቹ ጥቋቁር ወፎች ከመኪና ጣራ ላይ እየጮሁባት። የሚያቃጥለው ጉንዳን ክምር ጋ ስትደርስ በሩቁ ትዞራለች። መኪና የሚወጣበት ቦታ ላይ እዚያ የተተከለውን ቢጫ ብረት በእጇ ይዛ ቆማ፣ የሚመጣው መኪና ምን ቀለም እንደሆነ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ካለፈ በኋላ ነው መሻገር። ቀጥሎ ላውንድሪው፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነው፣ ሙቅ የሳሙና አየር በበሩ የሚወጣበት። እዚያ በር ላይ ጋሽ ታደሰ ነጭ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። በሁለት እጇ ሰላም ማለት አለባት፤ እሳቸው ደግሞ ኮስተር ብለው ይጠይቋታል።

«ማን ላከሽ?»

«እኔ ላኩኝ!»

«ራስሽን ነው የላክሽው? ጎሽ! እደጊ!»

ቤዛ ማታ እራት ላይ እደጊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ግራ ገባት። «እያደግኩ ነው እኮ፤ ለምን ያዝዙኛል?» አለች፤ አባቷ ውኃው ትን እስኪለው ሳቀ።

ሰዓቱ ደግሞ የእናቴ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን የሜልቦክሱን ቁልፍ በቀይ ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥዬ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ እንትፍ አልኩ። የቴክሳስ ሰኔ! ቤዛ ጎንበስ ብላ አየችና «እማ፣ ደረቀ እኮ፤ ገና አልሄድኩም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ኤሲው ውኃ የሚያንጠባጥብበት ጥግ ፈልገን እዚያ ሆነ የምተፋው፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፣ አሰላ ማለት ነው። ለሷ ግን አልነገርኳትም። ጉንጮቿ ቀልተው፣ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትመለስ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን፣ «አልደረቀም!» ብላ ትጨፍራለች።

መጀመሪያ እጇን ይዤ ነው የሄድነው። ከዚያ አሥር ርምጃ ከኋላ። ከዚያ ደግሞ፣ እሷ ሳታየኝ፣ የልብስ ቅርጫት ተሸክሜ ከመኪና ወደ መኪና እየተሽሎከሎክሁ። ቀጥሎ በመስኮት ላያት አስቤ ነበር፤ በመጨረሻም ጭራሽ ላላያት። ይሄን ያስተማረኝ የለም፤ ያቺን ልጅ እያየሁ ነው የደረስኩበት። በሦስተኛው ሳምንት ቸርች ውስጥ «እማ፣ ሽንት ቤት ሄጄ መጣሁ» አለችኝ፣ ከሄደች በኋላ፣ ከመጣች በኋላ። በዝማሬው መሐል አለቀስኩ፤ ሰዎቹ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው እጃቸውን ጫኑብኝ።

በቅርቡ ከላይ ፎቅ የገባች፣ በረንዳዋ ላይ አበባ የምታጠጣና ሁልጊዜ ፈገግ የምትል ሴትዮ ነበረች። ለፖሊስ ኮል ያደረገችው እሷ ናት። አልጠላኋትም፤ ማለቴ፣ ቶሎ አልጠላኋትም። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ምን እንደሚመስል አስቡት እስኪ፤ አንዲት እናት ወደ ልጇ እግር ትተፋለች፣ ልጅቱ ሮጣ ትሄዳለች፣ እናትየዋ መኪና ሥር ትደበቃለች።

ፖሊሱ ወጣት ነበር። ቤዛን ቢጫው ብረት ጋ አገኛትና ቁጢጥ ብሎ እናቷ የት እንዳለች ጠየቃት። እኔ በሦስት መኪና ርቀት ላይ ነኝ፤ ቅርጫቴን አቅፌ ከተደበቅሁበት አልወጣሁም። ልጄ ምንም ሳታመነታ በጣቷ አሳየችው፤ «ቀዩ መኪና ኋላ ናት። እንዳላየኋት ነው የማስመስለው፤ ደስ ስለሚላት።» ለካ ሳምንቱን ሙሉ እያየችኝ ኖሯል! ፖሊሱ እንኳ ሳቀ። ግን እየሳቀም ጻፈ።

ከአራት ቀን በኋላ ከልጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ፋይል ይዛ መጣች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ቤዛን መኝታ ቤት አስገብታ ለብቻዋ አነጋገረቻትና ወጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ልጅሽ ላይ ምራቅሽን ትተፊያለሽ?»

«እሷ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ ነው» አልኩ። የእንግሊዝኛዬ ነገር ይታያችሁ፤ «ሰዓት ነው፤ ምራቄ ሰዓት ነው» አልኳት።

ወረቀቷን አየች። «ከዘገየች ለጅብ እሰጥሻለሁ ብለሻታል?»

ይሄኔ ከፍርሃቴ ብዛት ሳቅሁ። ሳቄንም ጻፈችው መሰለኝ።

ልጅቷን ለደቂቃም ብቻዋን ከደጅ ላላወጣ አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜ ሸኘኋት። በሩ እንደተዘጋ ቤዛ እየዘለለች መጣች። ያን ያህል ኩራት ፊቷ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ጨዋታችንን ለትልቅ ሰው፣ ያውም ለምትጽፍ ሰው፣ አስረድታ መጨረሷ ነው። «እማ፣ ሁሉንም ነገርኳት! ጅቡንም ነገርኳት!»

«ማን ለፍልፊ አለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። «በገዛ ምላስሽ ሊወስዱሽ እኮ ነው!»

ፖሊሱም፣ ሴትዮዋም፣ ላይኛዋ ጎረቤትም ያላደረጉትን ያደረግሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ልጄ አላለቀሰችም። አንገቷ ላይ የነበረውን ቁልፍ ማንም ሳይጠይቃት በጭንቅላቷ በኩል አውጥታ ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ በቀስታ፣ ድምፅ እንዳይሰማ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ መጥታ ቀሚሴን ያዘች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልብስ ላጥብ ስወርድ ጋሽ ታደሰ «ልጅቱስ? ጠፋችብኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ «አስፈራሩን እኮ ጋሼ» አልኩ። «ያስፈራሩት አንቺን ነው ልጄ። እሷን ያስፈራራሻት አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሥራ ፈት ሽማግሌ ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ላለማየት ልብሴን ተሸክሜ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ላውንድሪ ሄጄ አጥብ ነበር። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋቸው።

ክረምቱ ሳያልቅ ደብዳቤ መጣ፤ ምንም ጥፋት አልተገኘም፣ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል። እነሱ ዘጉት፤ እኔ አልዘጋሁትም። ትምህርት ቤቷ ከመስኮታችን ይታያል፣ ደወሉ ይሰማል፤ እኔ ግን በመኪና አድርሼ፣ በመኪና ተሰልፌ አመጣት ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ቆሻሻ ልትጥል የላስቲኩን ከረጢት ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ በመስኮት ታዪኛለሽ?» ትለኛለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጓደኞቿ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ እሷ አልፈልግም አለች። ቸርች ውስጥ እናቶቹ ይቀኑብኛል፤ የነሱ ልጆች የት እንዳሉ አይታወቅም፣ የኔ ከጎኔ አትለይም። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ምን አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «ጌታ ይመስገን» እላለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት።

አሁን ቤዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ዴንተን የሚባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ዶርም ትኖራለች። ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስትወጣ ኮል ታደርገኛለች። «እማ፣ ወጣሁ። አትዝጊው እሺ?» ከክፍሏ እስከ ዶርሟ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ በተማሪ የተሞላ ነው፣ በስልኩ ውስጥ የሌሎቹ ሳቅ ይሰማኛል። እኔ ሥራ ቦታ ዕረፍቴን አስተካክዬ እጠብቃታለሁ። የምናወራው ነገር የለም፤ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ አሁን ቤተ መጻሕፍቱን አለፍኩ፣ አሁን መንገዱ ጋ ደረስኩ ትለኛለች፤ ግራ ቀኝ እይ እላታለሁ። የገባች ሰሞን አብረዋት የሚማሩት ልጆች ምሳ እንሂድ ብለዋት ነበር፤ አሁን ስልክ ላይ መሆኗን ሲያዩ እጃቸውን አውለብልበው ያልፏታል። ይሄን የነገረችኝ እሷው ናት፣ እንደ ቀላል ነገር።

ያ የቀለሙ ቅዳሜ አለፈና ማክሰኞ፣ መሐል መንገድ ላይ ሳለች የስልኬ ባትሪ አለቀ። ቻርጀር ፍለጋ የሥራ ጓደኞቼን ቦርሳ ሁሉ አስፈተሽኩ፤ አግኝቼ እስኪበራ ሃያ ደቂቃ ሄደ። እስካሁን ገብታለች፣ ይሄኔ ጫማዋን አውልቃለች፣ ምናልባትም ብቻዋን ገብታ በራሷ ተገርማለች እያልኩ፣ በልቤ ትንሽ ደስታ ቢጤ እየተሰማኝ ደወልኩላት። ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«ደረስሽ?» አልኳት።

«አልደረስኩም።»

«የት ነሽ ታዲያ?»

«እዚያው ነኝ እማ። የተዘጋብኝ ቦታ።»

ቆማ ነው የጠበቀችኝ። ሰው በግራና በቀኟ እያለፈ፣ ፀሐዩ እየወረደባት፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ብቻሽን ሂጂ፣ ትችያለሽ» የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ያን ቃል የምትሰማበት ዕድሜ ግን ከእጄ ወጥቷል፤ አሁን ብላት የምትሰማው እሷን መተዌን ብቻ ነው።

«በይ እንሂድ» አልኳት፤ እግሯን ስታነሳ ሰማሁ።