መዲዳው ውስጥ የተፈጨው ክኒን

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አክስቴ ቤት... የሠርግ ቀሚሴን እየለካሁ ሳለ ደም በእግሬ ቁልቁል ወረደ።

ክፍሉ በሴቶች ተሞልቷል። የእጮኛዬ እናት ሐጃ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«አስወርዳለች! ይቺን ነው ለልጄ የምትድሩልኝ?»

«ወላሂ ማንም አልነካኝም!» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ቀሚሱን ሳላወልቅ አክስቴ በባጃጅ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐጃም «ሐኪም ትመስክር!» ብለው ተከተሉን።

ሐኪሟ መረመረችኝ። «እርግዝናም ውርጃም የለም። ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«ምንም።»

አክስቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «መዲዳዋ ውስጥ... እየፈጨሁ እጨምርላት ነበር። ማወፈሪያ ነው ተብዬ...»

እዚህ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ቤት ተዘግታ ትቀለባለች። መዲዳ የሚሉትን ጣፋጭ ገንፎ ወድጄ ነው የበላሁት። ክኒን እንዳለበት ግን ማን ነገረኝ?

አክስቴ ባዶውን ማሸጊያ ከቦርሳዋ አወጣች። ሐኪሟ አየችው። «ይሄ እኮ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። ስንት ስንት ሰጠሻት?»

«ቶሎ እንድትሞላልኝ... አበዛሁት። ሰኞ አለቀብኝ።»

ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሆርሞን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ! ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን እንዲመረት የሚያዘው አንጎል ነው፤ ሲበቃው ደግሞ ትእዛዙን ይቀንሳል። ከውጭ በገፍ ሲገባለት «ሞልቷል» ብሎ ዝም ይላል፣ የራሴ እንቁላል ማምረቻም ሥራ ይፈታል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ማህፀን የገነባውን ሽፋን በደም ይለቃል። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፤ ሲበዛ ደም ሊረጋ ይችላል። ሰውነቴ ይህን ሁሉ ሲመዝን የኖረው ማንንም ሳያስቸግር ነበር።

«ማን ሰጠሽ?» አልኳት አክስቴን።

ዓይኗ ወደ ሐጃ ሄደ።

ሐጃ መሬት መሬት እያዩ፣ «ቀጭን ናት ብዬ... ከሾዋክ ገበያ አስመጥቼ። ሁሉም ይወስደዋል እኮ፣ ልጄ።»

አሁን ልጄ ሆንኩ!

አክስቴ እዚያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እንዳያሙሽ ብዬ ነው...» ስትለኝ አቀፍኳት። እሷንም ያታለሏት ለእኔ ባላት ፍቅር ነው።

አመሻሽ ላይ እጮኛዬ ደወለ። «እናቴ በስልክ ይቅርታ ልትልሽ ነው። ነገሩን እንርሳው።»

«በስልክ አልቀበልም» አልኩት። በሴቶች ፊት ጮኸው ስሜን እንዳጠፉ፣ በእነዚያው ሴቶች ፊት ጮኸው ያጥሩልኝ። እስከዚያ ሠርጉ ይቆይ፤ ቀሚሱም ታጥቦ ይሰቀል።

ከእንግዲህ ደግሞ እኔ ሳልጠየቅ ሰውነቴ ውስጥ የሚገባ ነገር አልቀበልም... የቱንም ያህል ቢጣፍጥ።