አባዬ ሹሩባ የተማረ ጊዜ

አባቴ ገሠሠ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ተሳቢ እየጎተተ ጅቡቲ ይወርዳል፤ መካኒሳ ወዳለው ቤታችን ሲመለስ አንድ ሁለት ቀን አርፎ ደግሞ ይሄዳል። እኔንና ወንድሜን ራጉኤልን ያሳደገችን እናታችን ዘነቡ ናት። አባዬ ለእኛ ቴምር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል።

እማዬን ስትሮክ ሲመታት እኔ አግብቼ ወልጄ ነበር። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ጠመም አለ። አባዬ መንገድ ላይ ሆኖ ሰማ። እንደደረሰ መኪናውን ለባለቤቱ አስረከበና፣ “ከእንግዲህ መስመር አልወጣም” አለን። ማናችንም አላመንነውም።

ቃሉን ግን ጠበቀ። ማጠቡንም፣ ማጉረሱንም ለመደው። ያቃተው ጸጉሯ ነበር። እማዬ ፊቷን ሰው እንዲያይባት አትፈልግም፤ ድሮ ሹሩባ የምትሠራት ቤዚ፣ “ቤታችሁ ድረስ ልምጣ” ብትላትም እምቢ አለች። ጸጉሯ ተቋጠረ። አንድ ቀን፣ “በቃ፣ በመቀስ ቁረጠውና ልረፍ” አለችው።

“ትንሽ ታገሺኝ” አላት።

በማግስቱ መካኒሳ አቦ አጠገብ ወዳለው የቤዚ ጸጉር ቤት ሄዶ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች መሃል ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?” አለችው ቤዚ።

“ሹሩባ አስተምሪኝ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ቤዚ አልሳቀችም። “ለእትዬ ዘነቡ ነው አይደል?” አለችና ወንበር ሳብ አድርጋ ሰጠችው።

መሪ የለመዱት ወፋፍራም ጣቶቹ መጀመሪያ እሺ አላሉትም። ቤት ሲገባም አያርፍም፤ የመጋረጃውን ዘርፍ ሲጎነጉን ስንቴ አገኘሁት!

እማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራት ቀን እኔም ነበርኩ። ሲጨርስ፣ “ጸደንያ፣ መስታወት አቀብያት” አለኝ። እማዬ የተንጋደደውን ሹሩባ ብዙ አየችው።

“ገሤ” አለችው፣ “መንገድ ስተሃል።”

ከዚያ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ አይተን አናውቅም። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

እየቆየ እጁ ተፈታ። ለአቦ ንግሥ ነጠላዋን አልብሶ፣ ደግፎ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። ሴቶች ማን እንደሠራት ሲጠይቋት ድምጿን ከፍ አድርጋ “ባሌ!” ትላለች። ልጄ ቲናም ከአያቷ በቀር ሌላ ሰው ጸጉሯን እንዳይነካው አለች። እሁድ እሁድ ከምንኖርበት ከሀና ማርያም አመጣት ነበር። እየሠራት ስለ አዋሽ ዝንጀሮዎች፣ በረሃ ላይ ስላደረበት ሌሊት ያወራላታል። እኛ ልጆቹ ሰምተነው የማናውቀው ወሬ ነው። ሥራ ያለኝ መስዬ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

አባዬ ያረፈው አምና በክረምት ነው፤ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። በአርባው ሰው ተበትኖ ከእማዬ ጋር ብቻችንን ስንቀር፣

“ያን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ስታሳድጊን አልተቀየምሽውም?” አልኳት።

“በጣም እንጂ” አለችኝ። “ኋላ ግን ረሳሁት።”

ቀጥላም ቲና ምሳ መብላቷን ጠየቀችኝ።