እልልታ በግማሽ ፊት

ትናንት የልጄን ጣት ላሽግ ፕላስተር ስቀድ ድምፁና የሙጫው ሽታ እጄን አሰረኝ። «እማዬ፣ ምነው ቆምሽ?» አለችኝ። እኔ ግን ደብረ ታቦር አልነበርኩም። ወገዳ አጠገብ፣ አባቴ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ እህቴ ቀኝ ዓይኔን እያሸገችልኝ ነበር።

የገብስ አጨዳ ወቅት ነበር። አንድ ጧት ፊቴን ስታጠብ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ልጨፍነው ብል አልከደን አለኝ። ስጉመጠመጥ ደግሞ ውኃው በአፌ ጥግ ፈሰሰ። «እታለም፣ ፊቴን እስቲ እዪልኝ» አልኳት ታላቅ እህቴን። አየችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እሷ ሳትቀልድ የምታልፍ ሰው አይደለችም፤ የፈራሁትም ያን ጊዜ ነው።

የእህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ በእልልታዬ የታወቅኩ ነበርኩ፤ እኔ እልል ያላልኩበት ሠርግ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው ይሉ ነበር። «ከዚህ ቤት ደጅ በእልልታ የምታስወጪኝ አንቺ ነሽ» ትለኝ ነበር እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ። ያን ዕለት እልል ልበል ብዬ ስሞክር ከአፌ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

እናቴ የጠራቻቸው ጎረቤታችን ባልቴት «ምች ነው የመታት፣ ምን ሐኪም ያሻዋል» ብለው ዳማከሴ አፈሉና ጋቢ አከናንበው አጠኑኝ። እንፋሎቱ የማይከደነውን ዓይኔን ቢለበልበኝ ጋቢውን ጥዬ ወጣሁ። አባቴ ባልቴቷን አክብሮ፣ አመስግኖ ሸኛቸው። በማግሥቱ ግን አጨዳውን ትቶ ወደ ወገዳ ጤና ጣቢያ ይዞኝ ወረደ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። እጆቼን አስነሣኝ፣ አስኬደኝ፣ አናገረኝ፣ በመጨረሻ ግንባሬን እንድቋጥር አዘዘኝ። ግራው ተቋጠረ፤ ቀኙ እንዳለ ቀረ።

«እጅ እግሯም ንግግሯም ደህና ነው» አለ ለአባቴ። «የደከመው ፊቷን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው።»

«እንዲህ ሆና ትቀራለች?» አባቴ ቆቡን በእጁ ይዞ ጠየቀ።

«አብዛኞቹ ይድናሉ አባት፣ ቶሎ ማምጣትዎም ጥሩ ነው። እስከዚያው ዓይኗን አደራ፤ ካልተከደነ ይደርቃል፣ ይቆስላል።»

ኪኒን፣ የዓይን ጠብታ፣ ማታ የሚቀባ ቅባትና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዘን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ሐኪም እህቴ ሆነች። ቀን ቀን ጠብታውን ታንጠባጥብልኛለች። እብቅ ዓይኔ እንዳይገባ አውድማ አካባቢ ዝር እንዳልል ከለከለችኝ። ምግብ በግራ በኩል አኝካለሁ፣ ከዚያ በቀኝ ጉንጬ የተወሸቀውን በጣቴ እጠርጋለሁ። ውኃ ስጠጣ እንዳይፈስብኝ ከስንዴ አገዳ መምጠጫ ቆረጠችልኝ። ማታ ማታ ቅባቱን ትቀባና የዓይኔን ቆብ በጣቷ ዝቅ አድርጋ ታሽገዋለች፤ እጇ አዲስ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር።

ሐኪሙ ያዘዘውን የፊት እንቅስቃሴ ግን እንደሷ የተረጎመው ያለ አይመስለኝም። እጮኛዋ የሰጣትን ስልክ እንደ መስታወት ትደቅንብኝና «በሬው እርሻ መሃል ሲተኛበት አባታችን ቅንድቡን እንዴት ነው የሚሰቅለው?» ትላለች። ቅንድቤን እሰቅላለሁ። «የንስሐ አባታችን ትኩስ ሽሮ ሲያበርዱስ?» ከንፈሬን አሞጠሙጣለሁ። «ጎረቤታችን የሰው ወጥ ሲሸታቸውስ?» አፍንጫዬን ለመሸብሸብ እታገላለሁ። ስታገል ደግሞ «ቀስ በይ፣ አታስጨንቂው ተብለሻል» ብላ ትቆጣኛለች። ስስቅ ፊቴ ሁሉ ወደ ግራ ይሄዳል። አፍሬ አፌን ስሸፍን እጄን ታወርደዋለች።

ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ተስፋ ቆርጬ ስልኩን የገፋሁበት ቀን ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቴ ላይ ሳለች፣ የባልቴቷን አፍንጫ ስሠራ በቀኝ በኩል አንዲት ቀጭን መስመር ታየች። «ሸተተሽ» አለች እህቴ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ወጡ ሸተተሽ እኮ።»

የሠርጉ ቀን ግን ከንፈሬ ገና ላላ ያለ ነበር። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። እህቴ የአባታችንንና የእናታችንን ጉልበት ስማ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሷ ቆመች። ሙሽራው ቆመ፣ ሚዜዎቹም ቆሙ።

«እሷ ሳትል አልወጣም» አለች።

ባልቴቷ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ «በይ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።» ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ግን ወጣ፤ ትንሽ ዘመም ያለ፣ ግን የራሴ እልልታ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ለቀቅኩት። እህቴ ለሙሽራ የማይገባ ሳቅ ሳቀችና ደጃፉን ተሻገረች። እንደዚያ ቀን ያሸነፍኩበት ቀን የለኝም።

ማታ መደቡ ላይ ፕላስተሩን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። የምታሽግልኝ የለችም። ስልኳም አብሯት ሄዷል፤ ፊቴን የማይበት እንኳ አልነበረኝም። በጣቴ ሽፋሽፍቴን ልነካ ስል፣ ዓይኔ በራሱ ተከድኖ አገኘሁት።