ግማሹ የሚመለስ ሳህን

በየትኛው ዓመት እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ልጄ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ በጣቴ ብቆጥር ብቆጥር ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ አለብኝ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። የቀለበት መንገዱ ገና አልተሠራም። ሚስቴ ያረፈችው በነሐሴ ነው፤ እስከ አርባዋ ድረስ ጎረቤት አብልቶኛል። ስለዚህ ነገሩ የጀመረው ከመስቀል በኋላ መሆን አለበት።

ወሎ ሰፈር፣ መገንጠያው አጠገብ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እነቅላለሁ፣ የተበሳ ካላማዳሪያ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አያልፍም። ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ ስለነበረ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጄን በናፍጣ ታጥቤ ወደ ቤት እገባለሁ፤ ሚስቴ ታቀርባለች፣ እበላለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳቸውን የሚበሉት ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ሆቴል ነበር። ባለ ጋራዡ ከባለ ሆቴሏ ጋር ተስማምቶ ምሳችንን እዚያ አስይዞልን ነበር። እኔ ሚስቴ እያለች አንድ ቀን እንኳ ረግጫት አላውቅም። ሚስቴ ከሄደች በኋላ ግን ሌላ የምበላበት አልነበረኝም፤ ልጄም ያኔ አግብታ ሌላ ከተማ ነበረች። እሳት ማንደድ አውቃለሁ፤ ወጥ መሥራት አላውቅም። ማታ ማታ ሻይ በዳቦ ነበር ራቴ። የቀኑን ሥራ የሚሸከመው እንግዲህ ያ ምሳ ብቻ ነው።

ሆቴል አልኩ እንጂ ስድስት ጠረጴዛ ያላት አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛዎቹ አበባ ያለበት ላስቲክ ለብሰዋል፤ ላስቲኩ ክርን ሲያርፍበት ይጣበቃል። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተበጀለት በርሜል አለ፤ ከጎኑ የዱቄት ሳሙና በቆርቆሮ ተቀምጧል። ባለ ሆቴሏ ባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። ሰፊ ሴት ናት፤ ከዚያ ሆና ስድስቱንም ጠረጴዛ ታያለች። አስተናጋጇ ወጣት ናት፤ ፊቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ከኋላ ወጥ ቤቱ አለ፤ ባዶ ሳህን በትንሽ መስኮት ይገባል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የሚታየው የአንዲት ሴት እርጥብ እጅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ትሪ ቀረብኩ። አራት ነበርን። እኔ ስጀምር እነሱ መሀል ደርሰዋል፤ እኔ ሁለተኛ ስጎርስ ትሪው ተገልጧል። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ከአራታችን አንዱ፣ ጋራዡ ውስጥ ብረት የሚበይደው በያጅ፣ አንደበተ ክፉ ነው፣ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ለብቻህ ብላ። ካንተ ጋር ስንበላ የሰረቅን ይመስለናል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ለብቻዬ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚከተለው አይገባችሁም። እኔ ባደግኩበት ቤት ሰው የቀረበለትን ዝም ብሎ አይጨርስም። አባቴ «ሳይለመን የጨረሰ ውሻ ነው» ይል ነበር። እንጀራው ግማሽ ላይ ሲደርስ «በቃኝ» ትላለህ። ያቀረበችልህ ሴት «ኧረ ይብሉ፣ አፈር ስሆን» ትላለች። «ጠገብኩ» ትላለህ። «በሞቴ» ትላለች። እንግዲህ ሞቷን ከጠራች እንዴት እምቢ ይባላል፤ ትበላለህ። ሁለተኛው ግማሽ የሚበላው በዚህ ነው። ሚስቴም ስንኖር አንድም ቀን ሳትለምነኝ ቀርታ አታውቅም፤ ተኳርፈን እንኳ ፊቷን አዙራ «በሞቴ» ትል ነበር። እስከ አርባዋ ያበሉኝ ጎረቤቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ሐዘንተኛማ ይበልጥ ይለመናል።

ለብቻዬ የተቀመጥኩ ዕለት ሽሮ ቀረበልኝ። ጥሩ ሽሮ ነበር። ግማሹን በላሁና እጄን አቆምኩ። አስተናጋጇ መጣች።

«ጨረሱ?»

«በቃኝ ልጄ» አልኩ።

ቃሉን ሳልጨርስ ሳህኑ ተነሥቷል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ጠረገችና ሄደች። እጄ እንዳለ በአየር ላይ ቀረ። ምን ልበላችሁ፣ የበላሁት ሁሉ ከሆዴ የወጣ መሰለኝ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። አውቃለሁ፣ ሞኝነት ነው፤ ዝም ብሎ መብላት ነበር። ግን እጅ እኮ የራሱ ልማድ አለው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አፌም ቀድሞ «በቃኝ» ይላል። ከዚያ ሳህኑ ይሄዳል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት አያለሁ።

በሳምንቱ ባለ ሆቴሏ ከባንኮኒዋ ተነሥታ መጣች። ስትነሣ ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያያል፤ መነሣት አትወድምና።

«ምን አገኙበት?» አለችኝ።

«ምንም። ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ከሆነ ለምን ይመለሳል?»

«በቃኝ ብዬ ነው፣ እመቤት።»

«ቀኑን ሙሉ ጎማ የሚያነሣ ሰው በግማሽ እንጀራ አይጠግብም። ያስቀየመዎት ነገር ካለ እዚሁ ይናገሩ። በየቀኑ ሳህኔን ግማሹን እየመለሱ ሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

ምን ብዬ ልመልስ? «የምትለምነኝ አጥቼ ነው» ይባላል? ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ። አጎንብሼ የተረፈውን እንጀራ አየሁ። ይህ ባሰ። በአጠገቤ የተቀመጠ አንድ የሚኒባስ ሾፌር የያዘውን እንጀራ ወደ ብርሃን አዙሮ አየና፣

«አባባ፣ እንጀራው ላይ ያዩትን ለእኛም ይንገሩን እንጂ። ብቻዎን ሊተርፉ ነው እንዴ?» አለ።

ጓደኛው ሳህኑን ገፋ አደረገው። ቀልድ ነው፤ ግን ባለ ሆቴሏ ያንን ሳህን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላችኝ። ጠላችኝ ስል እንዲያው በወሬ አይደለም። በርሜሉ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ ውሃ በሚረጭበት፣ አንዲት ጠረጴዛ ለይታ እዚያ አስቀመጠችኝ፤ ሳህኔን ሌላ እንዳያየው ነው። አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ ታቀርብልኛለች፤ የድስት ጥራጊውን፣ የእንጀራ ዳሩን። ሳህኑን ስታስቀምጥ ድምፁ ይሰማል። በያጁም ስም አወጣልኝ። ገና ደጃፉን ሳልፍ፣

«ሙሽራው መጣ። ሚዜ የሌለው ሙሽራ» ይላል።

ቤቱ ይስቃል። ሙሽራ እንጂ ማን ነው ቀርቦለት የሚግደረደር? ሰውየው ሳያውቅ እውነቱን መትቶታል። ግን ቀልዱን እንጂ ነገሩን ያየ የለም። ሁሉም ምግቡን ንቆ ነው ብለው ነበር። «እሱ የቤት ምግብ የለመደ ነው» ይላሉ። «የሆቴል አይመጥነውም።» አንድ ቀን አስተናጋጇ ለሌላ ደንበኛ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ምሳ ሊበላ ሳይሆን ሰው ላይ ሊኮራ ነው የሚመጣው» አለች።

በዚህ ዓይነት ስንት ሳምንት እንደሄድኩ አላውቅም። ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩለት። አንድ ከሰዓት የጭነት መኪና ጎማ ላነሣ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ስነቃ ጀርባዬ ዘይት ላይ ነው፤ ጎማው ከእግሬ በስንዝር አልፎ ወድቋል። ባለ ጋራዡ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ቢሆንም አንተ ይለኛል። ከላይ ቆሞ አየኝ።

«ምሳህን በየቀኑ አስይዤልሃለሁ። የበላኸው የት ገባ?»

«ትንሽ አዞረኝ፣ ጌታዬ።»

«ሁለተኛ ከወደቅክ ሌላ ጎሚስታ አመጣለሁ። ሰው ሞተብህ ብዬ ዝም ብያለሁ፤ እኔ ላይ እንድትሞትብኝ ግን አልፈልግም።»

ያን ሌሊት ተኝቼ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፦ ነገ ሳህኑን እጨርሳለሁ። ካልጨረስኩ ሥራዬ ሄደ፤ ከዚያ ሥራ ውጪ የማውቀው የለኝም። ምን አለ፣ መዋጥ ነው።

በማግስቱ ገባሁ፤ «ሙሽራው መጣ» ተባለ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ምስር ነበር። በላሁ፣ በላሁ፣ ግማሽ ላይ ደረስኩ። እጄ ቆመ። እጄን አየሁት። «ብላ» አልኩት በሆዴ። አልሰማኝም። አስተናጋጇ ከላዬ ደረሰች።

«ጨረሱ?»

«በቃኝ» አለ አፌ።

ሳህኑን ስታነሣው ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ በር፣ «ተይው» የሚል ድምፅ መጣ።

የወጥ ቤቱ በር ላይ በመስኮቱ እጇን ብቻ የማያት ሴት ቆማለች። ሳህን አጣቢዋ ናት። የማዳበሪያ ከረጢት አሸርጣ፣ እጇ እስከ ክርኗ ረጥቦ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ያነሰ፣ ቀጭን ሴት። ንግግሯ ከወሎ የመጣች መሆኗን ይናገራል። መጥታ ሳህኑን ከአስተናጋጇ እጅ ወሰደችና ከፊቴ መልሳ አስቀመጠችው። ውሃ ከክርኗ ላስቲኩ ላይ ተንጠባጠበ።

«ምንድን ነው?» አለች ባለ ሆቴሏ ከባንኮኒው። «ወደ ሥራሽ ግቢ።»

«ሰውየው አልጠገበም» አለች ሳህን አጣቢዋ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ። ምግብ የጠላ ሰው ሳህን ሌላ ነው። ወጡን ያተራምሰዋል፣ ዳር ዳሩን ይቆነጥራል፣ የጎረሰውን መልሶ ይተፋል። የዚህ ሰው ሳህን ግማሹ ተጠርጎ ነው የሚመጣው፤ የወጥ ጠብታ የለበትም። ግማሹ ደግሞ ጣት አልነካውም። በየቀኑ እንዲሁ። ይህ የጠላ ሰው አይደለም። እስኪለመን የሚጠብቅ ሰው ነው።»

ከዚያ በያጁ «ሙሽራው ሚዜ አገኘ» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ባለ ሆቴሏ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ እኔ እናቱ ነኝ?» አለች። «ስድስት ጠረጴዛ እየዞርኩ በሞቴ በሞቴ ልበል?»

ተነሥቼ ልወጣ ወንበሩን ገፋሁ። ሳህን አጣቢዋ ከመንገዴ አልተነሣችም። እንድትለምነኝ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያኔም ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፤

«እኔ አልለምንዎትም። እዚህ ቤት የሚለምንዎት ሰው የለም፤ ዛሬም የለም፣ ነገም የለም። ትለምንዎት የነበረችው ሞታለች። ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። አሁን ይብሉ ወይም ይሂዱ። ሳህኑን እጠብቃለሁ፤ እርጥብ እጄ እየደረቀ ነው።»

እንዲህ ያለ ክፉ ንግግር ሴት ተናግራኝ አታውቅም። ተቀመጥኩ። መብላት ጀመርኩ። ከላዬ ቆማ ነበር። ሾፌሮቹ ያያሉ፣ በያጁ ያያል፣ ባለ ሆቴሏ እጇን አጣጥፋ ታያለች። እያንዳንዱ ጉርሻ እንደ ድንጋይ ወረደ። እንባዬ ምስሩ ውስጥ ወረደ መሰለኝ። ሳህኑን ጠረግሁት።

«አሁን ጨምሪልኝ ይበሉ» አለች።

«ይበቃ...»

«ጨምሪልኝ ይበሉ።»

በሕይወቴ ብዬው የማላውቀው ቃል ነው። ወደ አስተናጋጇ ሳላይ፣ ወደ ላስቲኩ አበባ እያየሁ፣ «ጨምሪልኝ» አልኩ።

«አልተሰማም» አለ አንዱ ሾፌር።

«ጨምሪልኝ» አልኩ።

አስተናጋጇ ባለ ሆቴሏን አየች። ባለ ሆቴሏ በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተች። ግማሽ እንጀራ መጣ፤ የቀዘቀዘ፣ ምስሩ ጥግ ላይ ተጥሎበት። ያንንም በላሁት። ሳህን አጣቢዋ ባዶውን አነሣችና ወጥ ቤቷ ገባች። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናውን ጎማ ብቻዬን አነሣሁት። ባለ ጋራዡ አየኝና አለፈ።

ከዚያ በኋላ ተዋደድን አልልም። ባለ ሆቴሏ እስከ መጨረሻው ፊቷን አልፈታችልኝም፤ ሰው ፊት በሳህን አጣቢዋ መታረሟ ከእኔ ሳህን ይበልጥ ቆጭቷት ነበር መሰለኝ። ጠረጴዛዬም በርሜሉ አጠገብ እንደሆነ ቀረ። በያጁ ሙሽራ ማለቱን አልተወም። ግን በየቀኑ በላሁ። ስጨርስ ሳህኔን ራሴ አንሥቼ በመስኮቱ አሳልፋለሁ። እርጥቡ እጅ ይቀበላል፤ ሳህኑን አዘንብሎ ያያል፤ ባዶ ነው፤ ውሃ ውስጥ ይገባል። ይህ ብቻ ነበር ንግግራችን።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ልጄ ቤት ነው የምኖረው፤ ምግብ ሲቀርብ ልጄ እንደ እናቷ «በሞቴ» ትላለች። እኔ ግን እስክትለምነኝ አልጠብቅም፤ ትገረማለች። ከዚያ ዓመት ማን አወጣህ ብትለኝ የምነግራት ስም የለኝም፤ ሴትየዋን ስሟን አልጠየቅኋትም ነበርና። ሁሉም ሳህን አጣቢዋ ነበር የሚሏት። ያወጣችኝ እሷ ናት፤ ሳህን አጣቢዋ።